ቅድስት ሥላሴ አደባባይ (ቡዳ)

ቅድስት ሥላሴ አደባባይ፣ በሃንጋሪኛ ሴንትሃሮምሻግ ቴር፣ በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት፣ ከዳኑብ ወንዝ በስተ ምዕራብ ባለው የቡዳ ኮረብታ ላይ የሚገኝ ታሪካዊ አደባባይ ነው። ዙሪያውን የማትያስ ቤተ ክርስቲያን፣ የዓሣ አጥማጆች ምሽግ፣ የቀድሞው የቡዳ ማዘጋጃ ቤትና የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስቴር ሕንፃ ይገኛሉ። ጥንታዊው የቡዳ ሠፈር ከዳኑብ ዳርቻዎች ጋር በ1987 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አደባባዩ የመካከለኛው ዘመን ቢመስልም፣ ዛሬ ለዓይን የሚታየው አብዛኛው ነገር ቡዳ በ1686 ከኦቶማን ቱርኮች እጅ ከወጣች በኋላ የተሠራ ወይም እንደ አዲስ የታነጸ ነው።

ታሪክ

ሞንጎሎች በ1241 እና በ1242 ሃንጋሪን ካወደሙ በኋላ ንጉሥ ቤላ 4ኛ በኮረብታው ላይ የተመሸገ ከተማ አቋቋመ። ዛሬ በማትያስ ስም የሚጠራው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያንም የተመሠረተው በዚያው ምዕተ ዓመት ነው። በ1541 ቱርኮች ቡዳን ሲይዙ ቤተ ክርስቲያኑ መስጊድ ሆነ፤ ለ145 ዓመታትም በዚያው አገልግሎት ቆየ። በ1686 የሃብስበርግና የአጋሮቹ ጦር ከተማዋን ሲያስለቅቅ ከበባው አብዛኛውን ቤት አፍርሶት ስለነበር፣ ኮረብታው በባሮክ ስልት እንደገና ተገነባ።

ቡዳ፣ ፔስትና ኦቡዳ በ1873 ተዋሕደው ቡዳፔስት ስትመሠረት የቡዳ ማዘጋጃ ቤት የአስተዳደር ሥራው አበቃ። አደባባዩ ግን የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ቦታነቱን አላጣም። የመጨረሻው የሃንጋሪ ንጉሥ ካሮይ 4ኛ ታኅሣሥ 30 ቀን 1916 በቤተ ክርስቲያኑ ዘውድ ከጫነ በኋላ መሐላውን የፈጸመው ደጅ ወጥቶ፣ በሥላሴ ሐውልት ሥር ቆሞ ነው። በ1944 እና በ1945 ክረምት በተካሄደው የቡዳፔስት ከበባ የአደባባዩ ሕንፃዎች ክፉኛ ተጎዱ፤ ጥገናውም አሥርተ ዓመታት ፈጀ።

የሥላሴ ሐውልት

አደባባዩ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሐውልት ነው። በ1691 ወረርሽኝ ከገባ በኋላ የከተማው ምክር ቤት ለሥላሴ ሐውልት ለማቆም ተሳለ፤ የመጀመሪያው ሐውልት በ1706 ተጠናቀቀ። ወረርሽኙ በ1709 ሲያገረሽ ነዋሪዎቹ ከፊተኛው የሚበልጥ ሌላ ለማሠራት ወሰኑ። ፊሊፕ ኡንግላይኽ የቀረጸው አዲሱ ሐውልት በ1713 ሲያልቅ፣ አሮጌው ተነሥቶ ወደ ኡይላክ ሠፈር ተወሰደ፤ ዛሬም እዚያው በዢግሞንድ አደባባይ ቆሟል። የቡዳው ሐውልት ጫፍ ላይ ሥላሴ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ መላእክትና ቅዱሳን ተቀርጸዋል። ከእግርጌው ባለው ቅርጽ ላይ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡ ከመቅሠፍት እንዲድን ሲጸልይ ይታያል።

በዙሪያው ያሉ ሕንፃዎች

የማትያስ ቤተ ክርስቲያን የአሁኑን መልኩን ያገኘው አርክቴክት ፍሪድዬሽ ሹሌክ ከ1874 እስከ 1896 ባካሄደው እድሳት ነው። ሹሌክ የባሮክ ዘመን ጭማሪዎችን አንሥቶ የጎቲክ መልክ ሰጠው፤ ጣሪያውንም በዦልናይ ፋብሪካ ባለቀለም ሸክላ አለበሰው። ከእድሳቱ በፊት፣ በ1867፣ ፍራንዝ ዮሴፍ የሃንጋሪን ዘውድ የጫነው እዚሁ ሲሆን፣ ለበዓሉ የተዘመረውን ቅዳሴ የደረሰው ፍራንዝ ሊስት ነው።

የዓሣ አጥማጆች ምሽግ በስሙ እንጂ በተግባሩ ምሽግ አይደለም። ሹሌክ ከ1895 እስከ 1902 ያሠራው፣ ዳኑብንና ፔስትን ቁልቁል ለማየት የተዘጋጀ ሰገነት ሲሆን፣ ሰባቱ ማማዎቹ አገሩን ያቀኑትን ሰባት የማጃር ነገዶች ያስታውሳሉ። በምሽጉና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል አላዮሽ ሽትሮብል የቀረጸው፣ የመጀመሪያው የሃንጋሪ ንጉሥ የቅዱስ ኢሽትቫን የፈረስ ሐውልት በ1906 ተተክሏል።

በቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ጥግ ላይ የጥበብ አምላክ የምትባለው የፓላስ አቴና ሐውልት የቡዳን አርማ ይዛ ቆማለች። ሌላው ትልቅ ሕንፃ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር፣ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የተሠራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተጎዳ በኋላ ጌጡ ተራግፎ ቀለል ባለ መልክ ተጠግኖ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት የቀድሞ መልኩን ለመመለስ ዳግም ግንባታ ተካሂዶበታል።

ጉብኝት

ወደ ኮረብታው በ16 ቁጥር አውቶቡስ፣ በ1870 ሥራ በጀመረው የሽቦ ባቡር ወይም ደረጃውን በእግር ወጥቶ መድረስ ይቻላል። በሠፈሩ የግል መኪና እንቅስቃሴ የተገደበ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ለመጎብኘት ቲኬት ያስፈልጋል፤ ከምሽጉ አብዛኛው ክፍል ግን በነፃ ይታያል። ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በሥላሴ ጎዳና፣ ከ1827 ጀምሮ የሚሠራው ሩስቩርም ኬክ ቤት አለ። እዚያው አካባቢ የጄኔራል አንድራሽ ሃዲክ የፈረስ ሐውልት ይገኛል። ተማሪዎች ለፈተና ዕድል ይሰጠናል እያሉ የፈረሱን ቆለጥ ስለሚነኩ፣ የቀረው ነሐስ ጠቁሮ ሳለ ያ ክፍሉ ተወልውሎ ያበራል።