መኮሮኒው የማን ነው?



ባለፈው ሰሞን ከድሮ ተማሪዎቼ አንዷ ከሪያድ ጻፈችልኝ። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የአሠሪዎቿ ልጆች አንድ ቀን "የአገርሽን ምግብ ሥሪልን" ብለው ያዟት። ጤፍ የለ፣ እርሾ የለ፣ ምጣድ የለ። ጓዳ ውስጥ መኮሮኒና የተፈጨ የበሬ ሥጋ አገኘች። እናቷ ኮቦ እንደምትሠራው አድርጋ፣ ሁሉንም በአንድ ድስት አብስላ አቀረበች። ልጆቹ ጠራርገው በሉት። ትልቋ ግን "ይሄማ የጣሊያን ነው፣ የናንተ አይደለም" ብላ ሳቀችባት። "ቲቸር፣ አፈርኩ። እውነት የኛ አይደለም እንዴ?" ትለኛለች።

አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም ጥያቄ ሲሰማ ዝም ማለት አይችልም። ለእሷ በአጭሩ መለስኩላት። ነገሩ ግን ከእንቅልፌ ስለቀሰቀሰኝ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ፓስታ ወደ ራያ የመጣው በእንግድነት አልነበረም። በወረራ ነው የመጣው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸነፈ። ያ የደከመ ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ወደ ኮረም ሲያፈገፍግ ከአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጭስ ወረደበት። የጣሊያን ጦር ከኮረም ተራራ ወደ ራያ ሜዳ ወርዶ፣ ኮቦንና ወልድያን አልፎ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ከማይጨው እስከ አዲስ አበባ አንድ ወር ከአምስት ቀን ብቻ ማለት ነው።

ጦር ስንቁን ይዞ ነው የሚሄደው። የኛ አባቶች ዘመቻ ሲወጡ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይቋጥሩ ነበር። የጣሊያኑ ደረቅ ፓስታ ከነዚህ ጋር አንድ ዘር ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ደርቋል፣ አይበላሽም፣ ወር ሁለት ወር ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ የፈላ ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከጦሩ ኋላ ደግሞ መንገዱ መጣ። ከአስመራ ተነስቶ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በአላማጣ፣ በኮቦ፣ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ተሠራ። መንገድ ባለበት ሠራተኛ አለ፣ መኪና አለ፣ ምግብ ቤት አለ።

አያቴ ፓስታ አትበላም ነበር። ወንድሟ ወደ ማይጨው ዘምቶ ቀርቶባታል። እኛ ልጆች ሆነን ፓስታ ቤት የገባ ቀን "የሶላቶ ትል አምጥታችሁ ልታበሉኝ!" ብላ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ ትወጣለች። ያኔ እንስቅባት ነበር። ዛሬ አልስቅም። ሰው የበደሉትን ምግብ አልበላም ማለቱ የታሪክ መጽሐፍ የማይመዘግበው የራሱ አርበኝነት ነው።

ግን አንድ አስገራሚ ነገር ልንገራችሁ። ፓስታ ጣሊያን ውስጥም ጠላት ነበረው። ማሪኔቲ የሚባል ገጣሚ በ1923 ዓ.ም. (በእነሱ አቆጣጠር 1930 መገባደጃ ላይ ነው) ፓስታ ከጣሊያን ገበታ ይጥፋ የሚል ዐዋጅ መሰል ጽሑፍ አሳተመ። ፓስታ ሰውን ያፈዝዛል፣ ሆድ ያስከብዳል፣ ተዋጊ አያደርግም ባይ ነው። ይኸው ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን ለመውጋት በፈቃደኝነት ዘመተ። እሱ የጠላው ፓስታ እዚህ ቀረ፣ እሱ የወደደው ወረራ ግን አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። የታሪክ ቀልድ ይሏል ይሄ ነው።

በ1933 ፋሺስት ሲባረር ጣሊያኖች ሁሉ አልሄዱም። መካኒኩ፣ ግንበኛው፣ ሾፌሩ፣ ሆቴል ከፋቹ ብዙው ቀረ። ከእነሱ ጋር ቃላቸውም ቀረ። ጋራዥ ግቡና ስሙ፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ። ከዚያ ወጥታችሁ ከጎኑ ያለው ምግብ ቤት ግቡ፦ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ላዛኛ፣ ሱጎ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ። ሁለቱ መዝገበ ቃላት አንድ ናቸው፤ የመንገድ መዝገበ ቃላት ናቸው። ፓስታን ወደ ትናንሽ ከተሞቻችን ያስገባው የቤተ መንግሥት ግብዣ አይደለም፤ የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳቱ ናቸው። ቸኩሎ የሚበላ፣ ሲመሽ የሚደርስ ሰው ፓስታ ያዛል። ኮቦ ደግሞ የመንገድ ከተማ ናት። መኪና ሲመጣ የሚበላውም አብሮ ይመጣል።

እስካሁን የልጅቷ አሠሪ ያለችው ትክክል ይመስላል፣ አይደል? ቆዩ።

ፓስታ ምንድን ነው? ስንዴና ውኃ ነው። ስንዴው ግን ማንኛውም ስንዴ አይደለም፤ ዱረም የሚባለው ጠንካራው ስንዴ ነው። በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለ የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ አገራችን መጣ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን አነጋገረ፣ በበቅሎ ደጋውን ዞረ፣ የእህል ዘር ሰበሰበ። የዱረምን ወገን ስንዴ በዓይነቱ ብዛት ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳገኘው ዓይነት ሌላ ቦታ ማግኘት ከባድ ስለነበር አገራችንን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከሎች አንዷ ብሎ መዘገባት። ገበሬዎቻችን ጣሊያን የሚባል መንግሥት ሳይኖር ጀምረው ይህን ስንዴ ሲዘሩ፣ ሲመርጡ፣ ሲያቆዩ ኖረዋል። ዳቦ፣ ቂንጬ፣ ንፍሮ፣ ቆሎ አድርገውታል። (ቫቪሎቭ ራሱ፣ ዓለምን ከረሃብ ለማዳን ዘር ሲለቅም የኖረው ሰው፣ በስታሊን እስር ቤት በረሃብ ማቅቆ ሞተ። ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።)

ስለዚህ ፓስታ የሚለው ቃልና ቅርጹ ከጣሊያን መጣ። ጥሬው ግን ለዚህ አገር እንግዳ አልነበረም። የሚያሳዝነው ይሄ ሁሉ የዘር ሀብት እያለን ፋብሪካዎቻችን ዱረም ከውጭ ሲያስመጡ መኖራቸው ነው። እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ጣሊያን ፓስታ ሲሠራ ሁለት ዕቃ ይጥዳል። ባንዱ ብዙ ውኃ አፍልቶ ፓስታውን ይቀቅላል፣ ባንዱ ሱጎውን ያበስላል። ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ውኃ ነው ልማዱ። ግማሽ ኪሎ ከሆነ 5 ሊትር። ያ ሁሉ ውኃ ሲያበቃ ተጠልሎ ይደፋል።

እስቲ ይህን ለራያ ቆላ እናት ንገሯት! ከቦኖ ተሰልፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ ተሸክማ የመጣች ሴት፣ የጀሪካኑን ሩብ አፍልታ ትድፋ? በዚያ ላይ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት እጥፍ ከሰል። አይሆንም። እናቶቻችን ያደረጉት ምንድን ነው? ፓስታውን እንደ ወጥ ሠሩት። በአንድ ድስት ቁሌት ጀመሩ፣ ሥጋ ጨመሩ፣ ውኃ በልክ አደረጉ፣ መኮሮኒውን እዚያው ውስጥ ጣሉት። የሚደፋ ውኃ የለም። መኮሮኒው የሚለቀው ነጭ ውኃም መረቁን ያወፍረዋል እንጂ አይባክንም።

ሥጋውስ? ደቅቆ የተከተፈ ሥጋ በቁሌት አብስሎ መብላትን ጣሊያን አላስተማረንም። ምንቸት አብሽ ምንድን ነው ታዲያ? ምንቸት ሸክላው ድስት ነው። ከብት ደግሞ ለራያ ሰው ሀብትም ክብርም ነው። ይህ ምግብ እንግዲህ ምንቸት አብሽ መኮሮኒን ሲቀበል የተወለደ ነው። "ግን ቲማቲሙና በርበሬውስ?" የሚል አይጠፋም። ሁለቱም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት ጣሊያንም ቲማቲም አያውቅም፣ እኛም በርበሬ አናውቅም ነበር። እንግዳ ያልገባበት ድስት የለም።

እቤት ያለነው እንደዚህ ነው የምንሠራው። ለአምስት ለስድስት ሰው ይበቃል።

ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጎ በብረት ድስት ማቁላላት። ሽንኩርቱ ሲጠወልግ ዘይት፣ ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ እንዳያር ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ጨምሮ፣ እንዳይጓጉል በማማሰያ እየበተኑ ውኃውን እስኪመጥ ማብሰል። ነጭ ሽንኩርት፣ አራት አምስት የተከተፈ ቲማቲም፣ ካለ አንድ ማንኪያ ሳልሳ። ቲማቲሙ ሲሟሟ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ የፈላ ውኃና ጨው። ሲንተከተክ ግማሽ ኪሎ መኮሮኒ ጨምሮ መክደን። በየሁለት ሦስት ደቂቃው ከሥር ማማሰል ነው፣ አለዚያ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ቃሪያ፣ ትንሽ ኮረሪማ፤ እሳቱን አጥፍቶ አምስት ደቂቃ እንደተከደነ መተው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አትመኑ። ኮቦ ከባሕር ወለል ወደ 1,470 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮረም ወጥታችሁ ብትሠሩት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩ፣ ቀምሳችሁ አውርዱ። ሪያድ ያለሽው ልጄ፣ አንቺ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆንሽ ቶሎ ይበስልልሻል።

ሽንኩርቱና ቲማቲሙም ታሪክ አላቸው። እኔ ልጅ ሆኜ የኮቦ ሜዳ ማለት ማሽላ ነበር፤ ዝናብ ከቀረ ሁሉ ነገር ይቀራል። በ1966ም በ1977ም ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ኮረምን ነው፤ ከሥሩ ያለው ሜዳም እኩል ነው የተቃጠለው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን በኮቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ እየወጣ መስኖ ተስፋፋ። ያ ማሽላ ብቻ ያውቅ የነበረ መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም በመኪና የሚጫንበት ሆነ። ዛሬ ድስታችን ውስጥ ያለው ሽንኩርት ከእግራችን ሥር በወጣ ውኃ የበቀለ ነው።

ደግሞ የወሎን ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። እኛ አገር ክርስቲያንና እስላም አብሮ ይኖራል፣ ይዋለዳል፣ ድግስ ይጠራራል። ሥጋ ላይ ግን ይለያል፤ የሁለቱ እርድ ለየብቻ ነው። ስለዚህ ሥጋ ያለው ድስት ሁሌም "የማን እርድ ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። ሥጋ የሌለው፣ በቲማቲም ብቻ የተሠራው መኮሮኒ ግን ጠያቂ የለውም። ጾም ይይዛል፣ ኢፍጣር ላይ ይቀርባል። አገር ለመከፋፈል የመጣ ጦር ይዞት የመጣው ምግብ እኛ ጋር ጎረቤት የማይለይ ምግብ ሆነ።

የመጨረሻው ነገር። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ኮቦ ሲደርስ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። ስንት ሰው እንዳጣን አልጽፈውም፣ ሁላችሁም ቤት አለ። ያኔ የተረዳሁት ነገር አለ። እህል በጆንያ እያለ ሰው ሊራብ ይችላል፤ ምክንያቱም መብራት ከሌለ ወፍጮ የለም። ማሽላው አለ፣ ዱቄት የለም። ባለቤቴ ንፍሮ ቀቀለች፣ ጎረቤት ድንጋይ ወፍጮ አወጣ። አንድ ማታ ጎረቤታችን ያለው የሱቅ ቀሪ መኮሮኒ አምጥቶ በራችን ላይ ቆመ። መኮሮኒ ወፍጮ አይፈልግም፣ እርሾ አይፈልግም፣ ምጣድ አይፈልግም። በሻማ፣ ሥጋ በሌለበት፣ በአንድ ድስት ሠርተን የሁለት ቤት ሰው በላን። ድምፅ እንዳይሰማ ልጆቹ በሹክሹክታ ነበር "ጨምሩልን" የሚሉት።

ያን ማታ አያቴ ትዝ አለችኝ። ብትኖር ትበላ ነበር? እኔ እንጃ። ግን ያ ድስት የሶላቶ እንዳልነበረ ታውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ አትፈሪ፣ አትፈሪባትም። ለልጅቷ ንገሪያት፦ ስሙ የጣሊያን ነው። አሠራሩ ግን ውኃ ደፍታ የማታውቅ የራያ እናት ነው። በአገራችን ምግብ የማን እንደሆነ የሚታወቀው መጀመሪያ ባመጣው ሳይሆን፣ በችግር ቀን ለጎረቤት ባካፈለው ነው።

ዛሬ ማታ ሥሩት። አብሽሩ፣ ደህና እደሩ።