ከመቅደስ ግድግዳ እስከ «ጀምበር»

ካባ ለብሶ ስለሚበር ሰው የሚተርክ መጽሔት ይዞ የተገኘ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን እንደሚባል እናውቃለን። «አንተ ልጅ፣ አሁንም አላደግህም?» ይባላል። ከወረታ ወይም ከፎገራ ገጠር የመጣ ከሆነማ ይብስበታል፤ «ይህን የፈረንጅ ተረት ከየት አመጣኸው?» ይሉታል። እኔ ግን፣ አንባብያን ሆይ፣ የልዕለ ጀግኖችን ሥዕላዊ ታሪክ አንብቡ እላለሁ። ባዕድ ነው የሚለውን ክስ ደግሞ ታሪክ ራሱ አይመሰክርለትም።

ከደጃችን እንነሣ። የፎገራ ሜዳ በምዕራብ በኩል ጣና ላይ ያልቃል። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ ለምሳሌ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምእተ ዓመት በደቅ ደሴት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ ወይም የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ የመቅደሳቸው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ሥዕሉም እንዲሁ የተበተነ አይደለም፤ በረድፍ በረድፍ ተከፍሎ አንዱ ድርጊት ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። በየሥዕሉ ላይ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር የግእዝ ጽሑፍ አለ፤ «እንዲህ እንዳደረገ» እንደ ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ደጉን ከክፉው ይለያል፤ ደጉ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎኑ ስለሚሣል ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ብሩታዊት ከአጠገቡ ሆና ስታይ፣ ይህን ሥዕል ሳያይ ያደገ የጣና ዳር ልጅ ካለ ይንገሩኝ። (ቅዱሱን ከካባ ለባሽ ጋር ላስተካክል አይደለም፤ የማወራው ስለ አሣሣሉ ነው።) በ20ኛው ምእተ ዓመትም የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሣጥን ከፍለው፣ የአማርኛ መግለጫ እየጨመሩበት ይሸጡ ነበር። ታዲያ ይህ ሥዕላዊ ታሪክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ድርብ ስሙስ ቢሆን? ሱፐርማን በአዘቦት ቀን ክላርክ ኬንት የሚባል መነጽር ያደረገ ዓይን አፋር ጋዜጠኛ ነው። የእኛም ጀግና እኮ ሌላ ስም ነበረው። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ በሚያደርሰን በደብረ ታቦር የተቀመጡት ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ነበሩ፤ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። በፉከራ ጊዜ የሚጠራው የፈረስ ስሙ ነው። ፈረሱ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆናላ!

አሁን ባሕር እንሻገር (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1933 በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ ጄሪ ሲገል የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ እንደዚች መጽሔታችን በማባዣ መኪና የምትባዛ አንዲት ትንሽ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። «የሱፐርማን አገዛዝ» የሚል ታሪክ ጻፈባት፤ ሥዕሉን የሠራለት ጓደኛው ጆ ሹስተር ነው። የዚያን ጊዜው ሱፐርማን ራሰ በራና ክፉ ሰው ነበር። ልጆቹ ሐሳባቸውን ለውጠው ደግ አደረጉት፤ ደጋግመው ከተመለሱባቸው በኋላ በ1938 ታተመላቸው። እንግዲህ ልዕለ ጀግና የተፀነሰው በትልቅ ማተሚያ ቤት ሳይሆን፣ ጣት በሚያጠቁር የስቴንስል ቀለም ነው።

ይሁንና ሁለቱ ወጣቶች መብቱን ሁሉ በ130 ዶላር ሸጡ። ባቡር የሚያቆመው ጀግና ለፈጣሪዎቹ የቤት ኪራይ ሊከፍልላቸው አልቻለም፤ ስማቸውም ከገጹ ጠፍቶ ኖረ። ኩባንያው ጡረታ የቆረጠላቸውና ስማቸውን የመለሰው በ1975 ዓይናቸው ከፈዘዘ፣ ጉልበታቸው ካለቀ በኋላ ነው። ይህን ያነበበ ወጣት ሠዓሊ ውል ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ማንበብ አለበት።

የአንባቢዎቹ ታሪክ ደግሞ ከዚህ አያንስም። መጽሔቶቹ የአንባብያንን ደብዳቤ ከነአድራሻው ያትሙ ስለነበር አንባቢዎች እርስ በርስ መጻጻፍ ጀመሩ። በ1961 ጄሪ ቤይልስ የሚባል መምህር «አልተር ኢጎ» የተባለች መጽሔት በማባዣ አዘጋጀ። ከተባባሪዎቹ አንዱ ሮይ ቶማስ የሚባል አስተማሪ ነበር፤ በ1965 ማርቬል ኩባንያ በጸሐፊነት ገባ፣ በ1972 ዋና አዘጋጅ ሆነ። ደብዳቤ ጸሐፊው ወንበሩን ወረሰ ማለት ነው።

ምን እናንብብ ለሚለኝ፣ መጀመሪያ በ1962 የወጣውን «ሸረሪት ሰው» እላለሁ፤ የስታን ሊና የስቲቭ ዲትኮ ሥራ ነው። ጀግናው ድሃ ተማሪ ነው፤ ወንጀለኛ ሲያሳድድ ውሎ የአክስቱ የቤት ኪራይ ያሳስበዋል። ከዚያ በ1966 ስታን ሊና ጃክ ኪርቢ የፈጠሩት «ጥቁሩ ፓንተር» ይከተላል፤ ቅኝ ተገዝታ የማታውቅ አፍሪካዊት አገር ንጉሥ ስለሆነ የዓድዋ ልጅ ፈገግ ሳይል አያልፈውም። ሁሉም ጥሩ ነው አልልም፤ ብዙው ቡጢ ብቻ ነው፣ የሞተውም በሚቀጥለው ወር ይነሣል።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን የራሳችንን ነው። በ2018 በብሥራት ደበበ የተመሠረተው ዕጣን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ከመካከላችን ይህ ያልገባው ማን አለ? ቀጥሎም «ሐዊ» መጣች፤ ጀግናዋ ሴት ናት።

አሁንም ባዕድ ነው ለሚል የፎገራ ሰው ሩዙን ላስታውሰው። በ1980ዎቹ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ሲሞከር የሜዳው ሰው የማያውቀው እህል ነበር። ዛሬ ፎገራ ሲባል ከላሙ ቀድሞ የሚነሣው ሩዙ ነው፤ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራም ሆኗል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንደ «ጀምበር» ያለው ሥራ አንባቢ ካጣ ይቆማል፤ ኮፒ እያደረግን በነፃ ከተቀባበልነውም ያው ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን አንድ ቅጂ እንግዛ፤ ተራ በተራ እናንብብ፤ ለክረምት ወደ ወረታ የሚሄደውም ለታናናሾቹ ይውሰድላቸው፣ አማርኛውን። መሣል የሚችል ካለ ደግሞ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ ሰው ከብቱን ወደ ከፍታ ሲያወጣ የሚያሳይ ሁለት ገጽ ያምጣልን። ስቴንስል ላይ ስለሚጫር መስመሩ ቀጭን፣ ጥላው ትንሽ ይሁን።