በሩ ላይ የቀረው ጦር

ወገኖቼ፣ ጠጋ በሉ፣ ጊዜ አለን። ሪያድ፣ መንፉሓ ሰፈር የምንኖር ሰዎች አርብ ከሰዓት፣ ፀሐይ በረድ ስትል፣ ወደ ዲራ እንወጣለን፤ በዛል ገበያ ዕጣን እየሸተተን እናልፍና መስመክ ከሚባለው የጭቃ ግንብ ፊት እንቀመጣለን።

በ1894 ዓ.ም. ጥር 7፣ በእኛ የሥላሴ ዕለት፣ አርባ ያህል ሰው ይዞ ከኩዌት የወጣው ወጣቱ አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድ ረመዳንን በበረሃ ተደብቆ ከረመ፣ ከዚያም በሌሊት ወደ ሪያድ ገባ፣ ገብቶም ከግንቡ አጠገብ ካለ ቤት ሆኖ ጎህ እስኪቀድ ጠበቀ፤ ከተማዋን ይዘው የነበሩት የራሺዶች ሹም አጅላን ብቅ ሲል ተነሡበት፣ እሱም ሸሽቶ ወደ በሩ ሲሮጥ የተወረወረበት ጦር ስቶት ሳንቃው ላይ ተሰካ። አጅላን ግን አላመለጠም፤ ከተማዋም በዚያው ጠዋት ተያዘች። የጦሩ ጫፍ ዛሬም በሩ ላይ አለ፤ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያየዋል።

ይህም ግንብ ቢሆን ሁልጊዜ አልተከበረም። የጥይት መጋዘን ሆኖ ኖሯል፣ ዙሪያውን የነበረው አሮጌ ከተማም አብዛኛው ፈርሷል፤ ኋላ ግን አስታወሱት፣ ጠገኑት፣ በ1987 ዓ.ም. ሙዚየም አደረጉት።

የእኛው የዓድዋ ዘመቻ ከዚህ ስድስት ዓመት ይቀድማል። ምኒልክ ክተት ብለው ሰው ወረኢሉ ተሰበሰበ፣ ከዚያ ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ ዳገቱን በባዶ እግሩ ወጥቶ፣ መቀሌ ሲደርስ ጣይቱ የጣልያኖቹን ምንጭ አስያዙ፣ ምሽጉም በውኃ ጥም ተፈታ፣ ከዚያም ወደ ዓድዋ አለፉ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ የሆነው ሆነ።

አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ መታሰቢያ ደስ ያሰኛል፣ ዘገየ እንጂ። ሰው የወደቀበት መሬት ግን ሌላ ነው። በዓድዋ ለፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦ ነበር፤ ከዚያ ጦርነት መጣ፣ የራሳችን ጦርነት፣ በዚያው ምድር ላይ። ይህ ያንገበግበኛል፣ ልደብቃችሁ አልችልም።

ባለፈው አርብ አጠገቤ የተቀመጠ የወረኢሉ ልጅ ነበር። የምኒልክ ጦር የሰፈረበት ቦታ ምን ምልክት አለው አልኩት።

«ሜዳው አለ፣ ጋሼ» አለኝ፤ «ሌላ ያየሁት የለም።»

ከዚያ ተነሣ፣ ወደ ግንቡ ተጠጋ፣ መዳፉን የሞቀው ጭቃ ላይ አሳርፎ ቆየ፤ አዛን እስኪል ድረስ አላነሣውም።