ፀሐይ ታንኳን ታድናለች፣ ፋይበርግላስን ታደበዝዛለች

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የሚመላለሱትን ጀልባዎች አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አዲስ የፋይበርግላስ ጀልባ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ያረጀው ግን ቀለሙ ድብዝዝ ይላል፤ በእጃችሁ ስትዳስሱት ጠመኔ የመሰለ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ለመሆኑ ጀልባ አረጀ ሲባል ምኑ ነው የሚያረጀው? ይህን ለመረዳት ከፋይበርግላስ በፊት ጣናን ስታቋርጥ ከኖረችው ከታንኳ ብንጀምር ይሻላል።

ታንኳ የምትሠራው ከደንገል ነው። ደንገል የጥንት ግብፆች ፓፒረስ የሚባለውን መጻፊያ የሠሩበት ተክል ነው። አገዳው ውስጡ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ ስለዚህ ይንሳፈፋል። በዚህ ሙያ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገሉን አጭደው ያደርቁታል፤ ከዚያ እየጠቀለሉ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። በዘጌ ዙሪያ እንጨቱም ሌላው ሸቀጥም ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲጓዝ የኖረው በዚህች ጀልባ ነው።

የታንኳ ጠላት ውኃ ነው። ደንገል ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ይበሰብሳል። ስለዚህ ባለታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ጎትቶ ያወጣትና ፀሐይ ላይ ያሰጣታል። ይህን የደንገል ጠባይ ዓለም ሁሉ ያየበት አጋጣሚም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለች ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ ተነሣና አትላንቲክን ለማቋረጥ ሞከረ። ውቅያኖስ ላይ ግን ጎትቶ ማድረቅ የለም። የጀልባዋ የኋላ ክፍል ውኃ ውስጥ እየሰመጠ ሄደ፤ ባርባዶስ ለመድረስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ተጓዦቹ ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ በሌላ ዓይነት አስተሳሰር የተሠራችው «ራ 2» ግን በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ፋይበርግላስ ይህን የውኃ ችግር በእጅጉ ያቃለለ ፈጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብርጭቆን አቅልጦ እንደ ፀጉር ወደ ቀጠነ ክር መለወጥ ተቻለ። በ1942 ደግሞ ሬይ ግሪን የተባለ ኦሃዮ ውስጥ የሚኖር ጀልባ ሠሪ ይህን ክር ፖሊስተር ከሚባል ሙጫ ጋር አዋሕዶ ጀልባ ሠራ። ነገሩን ልብ ካላችሁት ከጭቃ ቤት ብዙም አይርቅም። ጭድ ጭቃውን እንዳይሰነጠቅ እንደሚይዘው ሁሉ፣ የብርጭቆው ክርም ሙጫውን ያጠነክረዋል።

የጀልባው ውጫዊ ገጽ ግን ክር የለበትም። ጄልኮት የሚባል ቀለም የተቀላቀለበት የፖሊስተር ልባስ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አምስት የደብተር ወረቀት ቢደራረብ የሚያክል ነው። የሚያረጀው መጀመሪያ ይሄ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሙጫውን ያያያዙትን የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጣጥሳቸዋል። ያዣቸው ሲፈርስ የቀለሙ ቅንጣቶች ይለቃሉ፤ ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት እሱ ነው። ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ እዚህ ያለ ጀልባ ባሕር ዳርቻ ካለው የበለጠ ይቃጠላል።

ታዲያ ድብዛዜው ምንድን ነው? ለስላሳ ገጽ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ የተቦረቦረ ገጽ ደግሞ በየአቅጣጫው ይበትነዋል። እስቲ ጣታችሁን አርጥባችሁ የደበዘዘውን ቦታ አብሱት። ወዲያው ቀለሙ ይመለሳል፣ ሲደርቅ መልሶ ይደበዝዛል። ውኃው ጥቃቅን ጉድጓዶቹን ስለሞላ ነው። የውኃ ብርሃንን የማጠፍ አቅም (1.33) ከአየር (1.0) ይልቅ ለሙጫው (1.5 ገደማ) ስለሚቀርብ መበተኑ ይቀንሳል። ይህች ቀላል ሙከራ አንድ ትልቅ ነገር ትነግራችኋለች፤ ከሥር ያለው ቀለም ገና አልሞተም ማለት ነው።

ስለዚህ ማደስ ማለት አዲስ ቀለም መቀባት ሳይሆን የሞተውን ስስ ንጣፍ ማንሣት ነው። ጀልባው ከሐይቁ ወጥቶ በሳሙና ይታጠባል። ድብዛዜው ቀላል ከሆነ መወልወያ ፖሊሽ ይበቃዋል። ከባድ ከሆነ በውኃ በረጠበ የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ከቁጥር 800 ወይም 1000 ተጀምሮ ወደ 1500፣ ከዚያ ወደ 2000። እያንዳንዱ ወረቀት የፊተኛውን ጭረት በጠበበ ጭረት ይተካል። ፖሊሹ ጭረቱን ዓይን ወደማይለየው መጠን ያወርደዋል፤ በመጨረሻ ሰም ይቀባል። የሚታሸው ነገር ብናኝ ሳምባ ይጎዳልና አፍና አፍንጫን መሸፈን የግድ ነው። እጣቢውም ሰው ወደሚጠጣው፣ ዓሣ ወደሚኖርበት ሐይቅ መግባት የለበትም።

ሒሳቡ ግን አይረሳ። በታሸ ቁጥር ከዚያች ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ ይቀነሳል። በየዓመቱ አጥብቆ የሚያሽ ሰው አንድ ቀን የብርጭቆው ክር ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ውኃው ወደ ውስጥ መንገድ ያገኛል። ታንኳ ስታልቅ በስብሳ አፈር ትሆናለች፣ አዲስ ደንገልም ይታጨዳል። ፋይበርግላስ ግን አይበሰብስም፤ የተጣለ ጀልባ ዳርቻው ላይ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። የአንዱን ጀልባ ዕድሜ ማራዘም ለሐይቁም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚረክሰው መድኃኒት ደግሞ የባለታንኳው ልማድ ነው፤ ከጉዞ በኋላ ጀልባን ከጠላቷ ማራቅ። ታንኳ ከውኃ ወጥታ ፀሐይ ትፈልጋለች። የፋይበርግላስ ጀልባ ደግሞ ጥላ ትፈልጋለች፤ ሸራ ቢለብስላት ወይም ዳስ ቢጣልላት የብርጭቆው ወረቀት ለብዙ ዓመት ሳይፈለግ ይቆያል።