አርዌና የጃፓን አውሬ

ባሕር በማይታይበት በቦንጋ ለሚኖር አንባቢ ከባሕር የወጣ አውሬ ወሬ ሩቅ ነገር ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ከአክሱም ትውፊት ጋር የሚመዛዘን ነው።

የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ. ም. አሜሪካኖች በቢኪኒ ደሴት የሃይድሮጂን ቦምብ ቢያፈነዱ፥ መርዘኛው አመድ 23 ዓሣ አጥማጆች በነበሩባት የጃፓን መርከብ ላይ ዘነበ፤ ከእነርሱም አንዱ በመስከረም 1947 ዓ. ም. ሞተ። በተከታዩ ወር፥ ጥቅምት 24 ቀን፥ ኢሺሮ ሆንዳ ያዘጋጀው «ጎጂራ» የተባለው ሲኒማ ለሕዝብ ታየ። በዚህም ሲኒማ የቦምብ ፍንዳታ የቀሰቀሰው ታላቅ አውሬ ከባሕር ወጥቶ ቶኪዮን ያፈርሳል።

አባቶች እንደሚተርኩት፥ ሕዝቡን ያስገብር የነበረውን ዘንዶ አርዌን አንጋቦ መርዝ ባበላት ፍየል ገደለው፤ ስለ ገደለውም ነገሠ። በሲኒማው ያለው ሊቅ ሴሪዛዋ ግን አውሬውን የሚያጠፋ መሣሪያ ካገኘ በኋላ፥ ጥበቡ በኃያላን እጅ እንዳይወድቅ ጽሑፉን አቃጥሎ፥ ከአውሬው ጋር በባሕር ውስጥ ቀረ። የአክሱም ትውፊት ለገዳዩ ዙፋን ሰጠው፤ ሂሮሺማን ያየ ሕዝብ ግን ገዳዩን ሊያነግሥ አልወደደም፤ ከአውሬው ይልቅ አውሬው የተገደለበት መሣሪያ ያስፈራው ነበርና።