የ1932ቱ የአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀትና የመንግሥት ለውጥ

እ.ኤ.አ. 1932 የዩናይትድ ስቴትስ ሕዝብ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት እጅግ አስከፊ ዓመታት አንዱን ያሳለፈበት፣ በምርጫም የመንግሥት ለውጥ ያደረገበት ዓመት ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1929 መገባደጃ ከደረሰው የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ውድቀት በኋላ በርካታ ባንኮች ሲዘጉ፣ የአስቀማጮች ገንዘብ ባክኗል፤ ፋብሪካዎችም ሠራተኞቻቸውን አሰናብተዋል። በሴፕቴምበር 1929 ከ381 ነጥብ በላይ ደርሶ የነበረው የዳው ጆንስ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በጁላይ 1932 ወደ 41 ነጥብ አሽቆልቁሏል። በዚያው ዓመት ከአራት ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ አጥ ነበር። ቤት አልባ የሆኑ ዜጎች በከተሞች ዳርቻ የቀለሷቸው የጎጆ መንደሮች በፕሬዚዳንቱ ስም "ሁቨርቪል" ይባሉ ነበር።

የፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር አስተዳደር በዓመቱ መጀመሪያ በ500 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ለባንኮችና ለባቡር ኩባንያዎች የሚያበድር የመንግሥት ተቋም አቋቁሟል። በጁላይ ወር ደግሞ ለችግረኞች እርዳታ የሚውል 300 ሚሊዮን ዶላር ለክፍላተ ሀገራቱ በብድር እንዲሰጥ ተፈቅዷል። ሆኖም እርምጃዎቹ ከችግሩ ስፋት ጋር የሚመጣጠኑ አልነበሩም።

የዓመቱን ፖለቲካ ይበልጥ ያከረረው የቀድሞ ወታደሮች ጥያቄ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱት ወታደሮች በ1924 በወጣ ሕግ የአገልግሎት ጉርሻ የተወሰነላቸው ቢሆንም፣ ክፍያው የሚፈጸመው በ1945 ነበር። ሥራ ያጡት ዘማቾች ገንዘቡ ቀደም ብሎ እንዲሰጣቸው ለመጠየቅ በሺዎች እየሆኑ፣ ብዙዎቹም ቤተሰቦቻቸውን ይዘው፣ ወደ ዋሽንግተን ተመሙ። ረቂቅ ሕጉ በተወካዮች ምክር ቤት ቢጸድቅም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ጁን 17 ቀን ውድቅ አደረገው።

ጁላይ 28 ቀን ፖሊስ ሠፋሪዎቹን ከመንግሥት ሕንጻዎች ለማስወጣት ሲሞክር በተፈጠረ ግጭት ሁለት የቀድሞ ወታደሮች በጥይት ተመተው ለሞት ተዳርገዋል። በዚያው ዕለት በጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር የሚመራ ጦር በፈረሰኛ፣ በታንክና በአስለቃሽ ጋዝ ታግዞ ሠፋሪዎቹን ያባረረ ሲሆን፣ ዋነኛ ሠፈራቸውም በእሳት ጋይቷል። ለአገራቸው የተዋጉ ሰዎች በአገራቸው ጦር መባረራቸው በሁቨር ላይ ሰፊ ቅሬታ አስነስቷል።

ኖቬምበር 8 ቀን በተካሄደው ምርጫ የዴሞክራቲክ ፓርቲው ዕጩ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ክፍላተ ሀገራት በ42ቱ አሸንፈው 472 የመራጭ ወኪሎች ድምፅ ሲያገኙ፣ ሁቨር ያገኙት 59 ብቻ ነበር።

ይሁንና አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን የተረከቡት ከአራት ወራት ገደማ በኋላ፣ ማርች 4 ቀን 1933 ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የባንኮች ቀውስ ተባብሶ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ ወይም ተገድቦ ነበር። ርክክቡን ወደ ጃንዋሪ 20 ያቀረበው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1933 መጀመሪያ የጸደቀ ሲሆን፣ ለፕሬዚዳንቱ በዓለ ሲመት ሥራ ላይ የዋለው በ1937 ነው።

የዘማቾቹ ጥያቄም በሩዝቬልት ዘመን ወዲያው መልስ አላገኘም። ጉርሻው ቀደም ብሎ እንዲከፈል በሕግ የተወሰነው፣ ምክር ቤቶቹ የፕሬዚዳንቱን ተቃውሞ በድምፅ ብልጫ ሽረው በ1936 ባሳለፉት ውሳኔ ነው።