ዮጋ፦ ከማይሶር ቤተ መንግሥት እስከ ቢሮ ወንበር

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የወር መዝጊያ ሲደርስ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ተፋጥጠን እንውላለን፤ አንገት ይደርቃል፣ ወገብ ይያዛል፣ ትንሽ ነገር ያነጫንጨናል። ዮጋ የጀመርኩት ለወገቤ ብዬ ነው። እየቆየሁ ግን ታሪኩን ማንበብ ያዝኩ። ካነበብኩት ሁሉ ጎልቶ የታየኝ አንድ ነገር ነው፦ ዮጋ ሥር በሰደደበት ቦታ ጊዜና ገንዘብ የመደበለት ሰው ነበር።

ዮጋ በሕንድ የብዙ ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው። ዛሬ በየከተማው የሚዘወተረው፣ በሰውነት እንቅስቃሴ ላይ ያተኮረው ዓይነት ግን ባብዛኛው የተቀረጸው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሽሪ ዮጌንድራ ቦምቤይ ውስጥ የዮጋ ተቋም ከፈቱ። ያስተማሩትም ዓለምን የናቁ መናንያንን ሳይሆን ትዳርና ሥራ ያላቸውን ከተሜዎች ነበር። በ1924 ደግሞ ስዋሚ ኩቫላያናንዳ ሎናቭላ ላይ ምርምር ጀመሩ፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በኤክስሬይ ሳይቀር ፈተሹ።

እኔን ከሁሉ የሚስበኝ የማይሶር ታሪክ ነው። የማይሶሩ ንጉሥ ክሪሽናራጃ ዋዲያር አራተኛ በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻርያ የተባሉትን መምህር ቀጥረው በጃጋንሞሃን ቤተ መንግሥት የዮጋ ትምህርት ቤት ከፈቱላቸው። ከተማሪዎቹ አንዱ በልጅነቱ ወባ፣ ታይፎይድና ሳንባ ነቀርሳ ያደቀቁት አየንጋር ነበር፤ በኋላ በዓለም ከታወቁት የዮጋ መምህራን አንዱ ለመሆን በቃ። በዚያው የተማረችው ኢንድራ ዴቪም በ1940ዎቹ መጨረሻ ሆሊውድ ላይ ማስተማሪያ ከፈተች። ንጉሡ በ1940 አረፉ። ሕንድ ነጻ ስትወጣ የቤተ መንግሥቱ አቅም ተዳከመ፤ ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። መምህሩም ዕውቀቱም ነበሩ፤ የጠፋው ደጋፊው ነው።

የክሪሽናማቻርያ ትምህርት ግን በልጃቸው በዴሲካቻር በኩል ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ቪኒዮጋ የሚባለው ይህ ዘዴ ሰውን ለእንቅስቃሴው ሳይሆን እንቅስቃሴውን ለሰው ያስማማል። የዚህን ዘዴ ጉዞ ወደ ቢሮ ስከታተል ኤትና የተባለውን የጤና መድን ድርጅት አገኘሁ። የድርጅቱ ኃላፊ የነበሩት ማርክ ቤርቶሊኒ በ2004 በበረዶ ሸርተቴ አደጋ አንገታቸው ተሰብሮ በከባድ ሕመም ሲሰቃዩ እፎይታ ካገኙባቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነበር። ለሠራተኞቻቸውም እንዲደርስ ፈለጉ። በ239 ሠራተኞች ላይ ጥናት ተደረገ፤ ከፊሎቹ ለ12 ሳምንታት ቪኒዮጋ ሠሩ፣ ሌሎቹ ሐሳብን የማሰባሰብ ልምምድ ተማሩ፣ የቀሩት ለማነጻጸሪያ ቆዩ። ውጤቱ በ2012 ሲታተም ልምምድ ያደረጉት ሠራተኞች ውጥረታቸው ቀንሶ፣ እንቅልፋቸው ተሻሽሎ ተገኘ።

ቤርቶሊኒ በዚህ አልቆሙም። በ2015 የድርጅቱን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ12 ወደ 16 ዶላር ከፍ አደረጉ። ይህን ስነግራቸው ብዙዎች ከዮጋ ጋር ምን ያገናኘዋል ይሉኛል። በጣም ይገናኛል! የቤት ኪራይ እያሳሰበው የሚያድር ሠራተኛ ረጅም ትንፋሽ ስለሳበ ብቻ እንቅልፍ አይወስደውም።

የሕንድ መንግሥትም ለሠራተኞች ያዘጋጀውን የ5 ደቂቃ የዮጋ ዕረፍት በ2021 በስልክ መተግበሪያ አሰራጨ። መወጠር፣ መጠማዘዝ፣ መተንፈስ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ፤ በቃ። ቁም ነገሩ በሥራ መሐል የሚደረግ መሆኑ ነው።

ቀድሞ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ግን ዮጋን ቅዳሜ ጠዋት አደረገው፤ ስም እየተጠራ፣ ያለ አበል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ገንዘብ ያዥ፣ “ልጄ፣ እኔ ሌላ አልፈልግም፤ ቅዳሜዬን ይመልሱልኝ” አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ አምሽታ የምትሠራን እናት ከልጆቿ ነጥቆ “ለጤናሽ ነው” ማለት ሌላ ሸክም መጫን ነው።

አሁን ያለሁበት ክፍል ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ሥራ ያቆማል። ወንበራችን ጠርዝ ላይ ቀና ብለን እንቀመጣለን፤ እግራችን መሬት ይረግጣል፣ መዳፋችን ጉልበታችን ላይ ያርፋል። አየር ስንስብ እስከ 4፣ ስናወጣ እስከ 6 እንቆጥራለን። ከዚያ ትከሻችንን እናዞራለን፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዘን ወገባችንን በቀስታ እንጠመዝዛለን። ሐኪም የከለከለው ሰው ይተወዋል፤ እምነቴ አይፈቅድም ያለም ተቀምጦ ያርፋል። የክፍሉ ኃላፊም ስልካቸውን ዘግተው አብረውን ይቀመጣሉ። እሳቸው በመቀመጣቸው ማንም ተደብቆ እንደሚያርፍ አይሰማውም። ከዚያ በኋላ ስሕተት ያገኘ ሰው ሳይፈራ መናገር ጀምሯል።

ዮጋ ለሠራተኞቻችን እናስጀምር የሚል አሠሪ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይመልስ፦ ሰዓቱ ከሥራ ሰዓት ነው ወይ? የፈለገ ብቻ ነው ወይ የሚገባው? ደሞዙስ ያኖራል? ለእነዚህ መልስ ያለው መሥሪያ ቤት ምንጣፍ ባይገዛም ይሳካለታል፤ መልስ የሌለው ግን የሕንድን መምህራን ሁሉ ቢያስመጣ ሠራተኛውን አያሳርፍም።